ያገለገለ የቅርንጫፍ መክተፊያ፦ ባለ ቤንዚኑ ወይስ ባለ ናፍጣው?

መርካቶና ተክለ ሃይማኖት ዙሪያ ያገለገለ ቺፐር (የቅርንጫፍ መክተፊያ) የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚዳስሰው ምላጩን ነው። ምላጭ ይሳላል፣ ይቀየራል። ገንዘብ የሚበላው ሞተሩ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይታወቅ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ) የሌለው ሞተር ደግሞ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ 13 የፈረስ ጉልበት የተባለ የሆንዳ ጂኤክስ390 የቤንዚን ሞተር እዚህ የሚሰጠው ወደ 9.5 ነው። «ደክሟል» የተባለ ሞተር ሁሉ አርጅቷል ማለት አይደለም።

ለሁለቱም የመጀመሪያው ደንብ ሞተሩን ቀዝቃዛ ሆኖ ማግኘት ነው። ሲደርሱ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) በጥንቃቄ ይንኩ፤ ከሞቀ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል፣ በሌላ ቀን ጠዋት ይመለሱ።

ባለ ቤንዚኑ ሕመሙን ይደብቃል። ካንዴላውን አውጥተው ይዩ፦ ደረቅ ጥቀርሻ ከሆነ ለከፍታው ቤንዚን በዝቶበታል ማለት ነው፣ በካርቡሬተር ጄት ይስተካከላል። በዘይት የራሰ ከሆነ ግን ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) ወይም የባልቮላ (የቫልቭ) ጋይዱ አልቋል። የዘይት መለኪያውን ያሽቱ፤ ቤንዚን ቤንዚን ካለና ዘይቱ ከልኩ ካለፈ የካርቡሬተሩ መርፌ አይዘጋም፣ በቀጠነ ዘይት የሠራ ሞተርም ውስጡ ተበልቷል። በኮምፕሬሽን መለኪያ ብቻ አይፍረዱ። ጂኤክስ ሲነሳ ግፊቱን ራሱ የሚቀንስ ዲኮምፕሬሽን ስላለው ጤነኛውም ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። የተሻለው ቺንጋውን (ቀበቶውን) ፈትቶ፣ ባልቮላዎቹ ሁለቱም በተዘጉበት ፒስቶኑን ጫፍ ላይ አቁሞ በካንዴላው ቀዳዳ አየር መስደድ ነው። አየሩ በማርሚታ ከወጣ የጭስ ባልቮላው፣ በካርቡሬተር ከወጣ የማስገቢያው፣ በዘይት መሙያው በኃይል ከወጣ ፋሻው ነው። የባልቮላ ክፍተት ብቻ ሊሆንም ይችላል፤ በጂኤክስ390 ሞተሩ ቀዝቅዞ ማስገቢያው 0.15፣ የጭሱ 0.20 ሚሊሜትር ነው።

ናፍጣው ግን ጭሱ ይናገርበታል። በኅዳር ብርድ ሲነሳ ጥቂት ሰከንድ ነጭ ማጨሱ ያለ ነው፤ ሞቆም ካልጠራ ኖዝሉ (ናፍጣ መርጫው) ወይም ኮምፕሬሽኑ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላ ነው። ሲጫን ትንሽ ጥቁር ማለቱ በዚህ ከፍታ አያስደነግጥም፣ የማያቋርጥ ከሆነ ግን ፊልትሮውን ከዚያም ኖዝሉን ይመርምሩ። ሞተሩ በሚኒሞ (በዝቅተኛ ዙር) እየሠራ የዘይት ክዳኑን ፈትተው ገልብጠው ቀዳዳው ላይ ያኑሩት፤ ከተወረወረ በፋሻው አልፎ የሚወጣ ጋዝ በዝቷል። ዘይቱ ከልክ በላይ ወፍራም ከሆነም ይጠርጥሩ፣ ጭስ ለመሸፈን የሚደረግ ነው።

ቺፐር ላይ ሁለቱንም ሞተር ቶሎ የሚጨርሰው የእንጨት ብናኝ ነው። የአየር ፊልትሮውን ያውጡና ከኋላው ያለውን ቱቦ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይጥረጉ። አቧራ ከተገኘ ፊልትሮው አዲስ ቢሆንም ዋጋ የለውም፤ ሞተሩ ብናኝ ሲተነፍስ ኖሯል። በባለ ቤንዚኑ ምላጩ በቀጥታ በሞተሩ ክራንክ (ዋና ዘንግ) ላይ የታሰረ ከሆነ ደግሞ ካንዴላውን ነቅለው ቀስ ብለው በእጅ ያዙሩት፤ የሚወላገድ ክራንክ ድንጋይ ወይም ብረት ነክሷል።

ያለ ሸክም ሁሉም ሞተር ደህና ይመስላል። የእጅ አንጓ የሚያህል እርጥብ ባሕር ዛፍ ይስጡት፤ ድምፁ ወርዶ ወዲያው ካልተመለሰ ገቨርነሩ (የዙር መቆጣጠሪያው) ወይም ጉልበቱ ችግር አለበት። ልጡ ዘንጉ ላይ ከተጠመጠመ ግን ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም።

ለግቢ አጥርና ከ7 ሳንቲሜትር ለማይበልጥ ቅርንጫፍ ቤንዚኑ ይበቃል፤ ፋሻና ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) ሶማሌ ተራም ተክለ ሃይማኖትም አይጠፋም። በየቀኑ ለሚሠራ ናፍጣው ይሻላል፣ ፓምፑና ኖዝሉ ጤነኛ እስከሆኑ ድረስ። እነሱን ማስተካከል የተለየ መፈተሻ ያለው ጋራዥ ይጠይቃልና፣ ጥርጣሬ ካለ ወጪውን ከዋጋው ላይ አስቀንሰው ይደራደሩ።