ስፔክትራል ካሜራ በማይክሮስኮፕ ላይ፦ አዳማ ውስጥ ለወራት ከሠራንበት በኋላ

ስፔክትራል ካሜራ ማለት ጥቁርና ነጭ ካሜራ፣ የብርሃን ሞገድ ርዝመት (ማለትም ቀለም) የሚመርጥ የፈሳሽ ክሪስታል ማጣሪያና ሶፍትዌር ነው። ከ420 እስከ 720 ናኖሜትር በየ10 ናኖሜትሩ ሲያነሳ ለአንድ እይታ 31 ምስል ይወጣል። በ1392 በ1040 ፒክሰልና በ16 ቢት አንዱ ፋይል 90 ሜጋባይት ይጠጋል፤ ሃርድ ዲስክ አብራችሁ ግዙ።

ዋጋውን የሚያወጣው ቡናማው ዲኤቢ (የሚፈለገው ፕሮቲን ያለበትን ቦታ የሚያሳይ ቀለም) እና ሰማያዊው ሄማቶክሲሊን (ኒውክለስን የሚያቀልም) አንድ የሕዋስ ኒውክለስ ላይ ሲደራረቡ ነው፤ ለምሳሌ ለጡት ካንሰር ኢስትሮጅን ሪሰፕተር (ሆርሞኑን የሚቀበለው ፕሮቲን) ሲታይ። ዓይን የሚጠራጠርበትን ፈዛዛ ኒውክለስ ሁለቱን ቀለም ለየብቻ አድርጎ ያሳያል። ለተራው የቲሹ አቀላለም፣ ለሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን ግን ደህና ባለቀለም ካሜራ ይበቃል፤ ለዚያ ብቻ ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ትልቁ ራስ ምታት መብራት ነው። ቮልቴጅ ሲዋዥቅ የሃሎጅን አምፖሉ ድምቀት ብቻ ሳይሆን ቀለሙም ይለወጣል፣ ስሌቱም አብሮ ይበላሻል። ስታቢላይዘር ግዴታ ነው፤ አምፖሉም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ግማሽ ሰዓት ይብራ። ሌሎቹ ምስሎች የሚነጻጸሩበትን ባዶ ምስል ከዚያው ስላይድ፣ ሽፋን መስታወቱ ሥር ቲሹ ከሌለበት ቦታ አንሱ። መብራት ጠፍቶ ከመጣ፣ ወይም ኮንደንሰሩን (ብርሃኑን ስላይዱ ላይ የሚሰበስበውን ሌንስ) ከነካችሁ፣ እንደገና ማንሳት ነው። ሃሎጅን በሰማያዊው በኩል ደካማ ስለሆነ፣ ማጣሪያውም እዚያ ብዙ ስለማያሳልፍ፣ ከ450 በታች ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። እኛ ትተነዋል።

ርካሽ ኦብጀክቲቭ (ወደ ስላይዱ የሚቀርበው ሌንስ) ደግሞ ሰማያዊና ቀዩን አንድ ቦታ ላይ አያተኩርም። ምስሎቹ ሲደራረቡ የኒውክለሱ ጠርዝ ላይ የሌለ ቀለበት ይታያል፣ ሶፍትዌሩም እንደ ቀለም ይቆጥረዋል። አፖክሮማት (ቀለማቱን አንድ ቦታ ላይ የሚያተኩር የተሻለ ኦብጀክቲቭ) ካለ ችግሩ በአብዛኛው ይቃለላል፤ ከሌለ ፎከሱን 550 ናኖሜትር አካባቢ አድርጋችሁ ጠርዙን ከልኬት አውጡ።

የማነጻጸሪያ ስፔክትረም፣ ማለትም ሶፍትዌሩ ቀለሞቹን የሚለይበትን የእያንዳንዱን ቀለም የብርሃን አመጣጠጥ፣ ከአምራቹ ፋይል አትውሰዱ። የሄማቶክሲሊን ቀለም ማጠቢያው ውሃ አሲድ ወይም አልካላይን በሆነ ቁጥር ይሸሻል፤ ስለዚህ ከዚያው ዙር አንድ በሄማቶክሲሊን ብቻ፣ አንድ በዲኤቢ ብቻ የተቀለመ ስላይድ አስቀሩ። የቲሹው ቁራጭ ውፍረት ከ3 እስከ 4 ማይክሮሜትር ይሁን። የብርሃን መምጠጥ መጠኑ (አብዞርባንስ) ከ1.5 ካለፈ አትመኑት፤ የተበተነ ብርሃን ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል። የመስክ ዳያፍራሙን (የሚበራውን ቦታ ስፋት የሚወስነውን ቀዳዳ) እስከ እይታው ጠርዝ መዝጋት ትንሽ ይረዳል።

የዲኤንኤ መጠን ለመለካት ሄማቶክሲሊን አይሆንም፣ ከዲኤንኤው ጋር በልክ አይያያዝምና፤ ለዚያ ፎይልገን የሚባል ከዲኤንኤ ጋር በልክ የሚያያዝ አቀላለም አለ። ዲኤቢም ብርሃን ይበትናል፤ ስለዚህ ጥቁረቱን የፕሮቲን መጠን አድርጋችሁ አትጻፉ፤ አዎንታዊ የሆኑትን ኒውክለሶች በመቶኛ ጻፉ።