ፈርነስ ስታስቀይሩ ዋተር ሂተሩን ብቻውን ጥለውባችሁ እንዳይሄዱ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው፤ ብርዱ ሳይገባ ፈርነስ (ቤቱን በጋዝ የሚያሞቀውን ማሽን) ለማስቀየር የምትዋዋሉ ብዙ እንደሆናችሁ ስለማውቅ።

ሰዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። በአማርኛ ያስተዋውቃሉ፣ «እናቴ» እያሉ ይገባሉ፣ ቤዝመንት ወርደው ፎቶ ያነሳሉ፣ ከዚያ «ዛሬ ከፈረሙ 500 ዶላር ይቀነሳል» ይመጣል። እኚህ ጎረቤታችን እናትም ፈረሙ። ከጋዙ 80 ፐርሰንቱን ወደ ሙቀት የሚለውጠው አሮጌ ፈርነስ ወጥቶ 96 ፐርሰንቱን የሚለውጥ ገባ። ዋጋው ከጠየቋቸው ሁሉ ያነሰ ነበር፤ ያነሰውም ከሥራው ዋናው ክፍል ስለተዘለለ ነው።

አሮጌው ፈርነስና ውሃ የሚያሞቀው ባለ ጋዝ ዋተር ሂተር ጭሳቸውን የሚያወጡት በአንድ የጡብ ጭስ ማውጫ ነበር። አዲሱ ግን በራሱ ፒቪሲ ቧንቧ በግድግዳ በኩል ያወጣል። ስለዚህ ጡቡ ላይ የቀረው 40 ጋሎኑ ዋተር ሂተር ብቻውን ነው። ሠራተኞቹ ዕቃቸውን ቫን ላይ ሲጭኑ እናትየው ወደ ቧንቧው እያመለከቱ «ልጄ፣ ይሄኛውስ? እንዲህ ብቻውን ይሆናል?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ ሁሉ ሰው ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቁት እሳቸው ናቸው። አለቃው ዞር ብሎ እንኳ አላየም። የተቀበለውን ቼክ አጥፎ ኪሱ ከተተና «እማማ፣ እሱ ኮንትራቱ ላይ የለም። ድሮም ሲሠራ ነበር፣ አሁንም ይሠራል። ደግሞ አላርም አለዎት አይደል?» አላቸው። ልጃቸው ስለ ፐርሚት (የአካባቢው መስተዳድር፣ ካውንቲው፣ ስለሚሰጠው የሥራ ፈቃድ) ሲጠይቅ «ፐርሚት ከፈለጋችሁ ዋጋው ሌላ ነው፤ ካውንቲው ከገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣባችኋል» ብሎ አስፈራራ። ወደ ረዳቱ ዞሮም «ዩቱብ ያየ ሁሉ ኢንስፔክተር ሆነ» ብሎ ሳቀ። በእናቱ ዕድሜ ያለች ሴት ፊት፣ በገዛ ቤቷ!

«ድሮም ሲሠራ ነበር» ያለው ማታለያ ነው፤ የሙያው ሰው ይህን ሳያውቅ አይቀርም። ድሮ የሠራው የፈርነሱ ትኩስ ጭስ ጡቡን እያሞቀ ስለሚስበው ነው። አሁን ያ ሙቀት የለም። የዋተር ሂተሩ መውጫ 3 ኢንች ነው፤ ስፋቱ 7 ካሬ ኢንች ገደማ። የአሜሪካ የጋዝ ኮድ፣ ኤንኤፍፒኤ 54፣ ጭሱን በራሱ ሙቀት ብቻ የሚያወጣ አንድ ዕቃ ለብቻው ሲቀር የጭስ ማውጫው ስፋት ከመውጫው 7 እጥፍ መብለጥ የለበትም ይላል፤ ይኸውም 49 ካሬ ኢንች። እዚያ ቤት ያለው 8 በ12 የሸክላ ቱቦ ውስጡ ከ60 ይበልጣል። ትንሹ ጭስ እዚያ ሰፊና ቀዝቃዛ ቱቦ ውስጥ ሲገባ ይቀዘቅዛል፣ እንፋሎቱ ወደ አሲድነት ወዳለው ውሃ ይለወጣል፣ ውሃው ሲሚንቶውን ይበላል፣ ፍርስራሹም ታች ወርዶ መንገዱን ይዘጋል። ያኔ ጭሱ ሂተሩ አናት ላይ ባለው ክፍት ቆብ በኩል ወደ ቤት ይመለሳል። ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ የተኛን ሰው የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አብሮት ሊመጣ ይችላል፤ ሽታ የለውም።

መፍትሔው የታወቀ ነው፦ በጭስ ማውጫው ውስጥ በልኩ የብረት ላይነር (ውስጠኛ ቱቦ) ማውረድ፣ ወይም ዋተር ሂተሩን በኤሌክትሪክ አለዚያም ጭሱን በራሱ ፋን በሚያወጣ መቀየር። እነሱ ያደረጉት የፈርነሱ ቧንቧ የነበረበትን ቀዳዳ በአሉሚኒየም ቴፕ መለጠፍ ነው። የሂተሩንም ቧንቧ ለሥራቸው ነቅለው ሲመልሱት ያለ ብሎን ሰክተውታል። እያንዳንዱ መጋጠሚያ 3 ብሎን ይፈልጋል፤ ቧንቧው ደግሞ በየ1 ጫማው ሩብ ኢንች ወደ ጭስ ማውጫው ከፍ ማለት አለበት። ይሄ ጠፍጣፋ ነው።

በር መስኮቱ ተዘግቶ፣ የኩሽናው ፋንና ድራየሩ እየሠሩ፣ ሂተሩ 5 ደቂቃ ከነደደ በኋላ ቆቡ ጠርዝ ላይ የሚጨስ ሰንደል ተያዘ። ጭሱ ወደ ውስጥ መሳብ ሲገባው ወደ ክፍሉ ተገፋ። የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርሙ ዝም እንዳለ ነበር። ዝም ማለቱ ደግሞ አያስደንቅም፤ የተለመደው የቤት አላርም 70 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 70 ካርቦን ሞኖክሳይድ) ላይ እንኳ የሚጮኸው ከ1 እስከ 4 ሰዓት ቆይቶ ነው። «አላርም አለዎት» ብሎ መሄድ ለዚህ ነው የሚያናድደኝ።

ፒቪሲውም ቢሆን ተበላሽቷል። የእንዲህ ያለ ፈርነስ ጭስ ውሃ ያወርዳል፤ ስለዚህ ቧንቧው በየጫማው ሩብ ኢንች ወደ ፈርነሱ ማዘንበል አለበት፣ በ20 ጫማ 5 ኢንች ማለት ነው። የነሱ ወደ ውጭ ያዘነብላል። ውሃው ጫፉ ላይ ሲበርድ በረዶ ሆኖ ይዘጋዋል፣ ፈርነሱም በጣም በሚቀዘቅዝበት ሌሊት ራሱን ያጠፋል። ማንጠልጠያም ስላነሰው መሐሉ ረግቧል፤ እዚያም ውሃ ይቋጥራል። መጋጠሚያዎቹ ላይ ከማጣበቂያው በፊት የሚቀባው ሐምራዊ ፕራይመር ምልክት አይታይም። የውጭው ጫፍ ከመሬት ወይም ከሚጠበቀው በረዶ ቢያንስ 12 ኢንች ከፍ ማለት ሲገባው ቁጥቋጦ ውስጥ ተቀብሯል።

ዋተር ሂተሩ አሁን ጠፍቷል። ሰውየው ስልክ አያነሳም። አቤቱታው ለሜሪላንድ የኤችቫክ (የማሞቂያና ማቀዝቀዣ ሥራ) ፈቃድ ቦርድ ተጽፏል።

ለምትዋዋሉ፦ «ዋተር ሂተሩ በምን በኩል ይወጣል?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ኮንትራቱ ላይ አስጽፉ። ፐርሚቱን በኮንትራክተሩ ስም ያውጣ። የመጨረሻው ክፍያ ኢንስፔክተሩ ሥራውን አይቶ ካሳለፈው በኋላ ይሁን። ባለፉት ዓመታት እንዲህ ያስቀየራችሁም ቤዝመንት ወርዳችሁ እዩ፤ የሰንደሉን ሙከራም አድርጉ። ጭሱ ከተመለሰ ሂተሩን አጥፉና ፈቃድ ያለው ባለሙያ ጥሩ። ቤት ውስጥ ስትሆኑ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የሚይዛችሁ፣ ስትወጡ የሚለቃችሁ ከሆነ ግን ምንም አትሞክሩ፤ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡና 911 ከውጭ ሆናችሁ ደውሉ።