በጎንደር ቅዳሜ ገበያ የተሠራልኝ የጠመንጃ ርግጫ መለኪያ

ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ያለ ብረት ብየዳ ቤት፣ ፈቃድ ያለውን ጠመንጃዬን በአራት እኩል ሽቦዎች አግድም የሚያንጠለጥል ማዕቀፍ ሠርቶልኛል፤ ሲተኮስ ጠመንጃው ወደ ኋላ ተወዛውዞ ሲነሣ፣ ከሰደፉ ጋር የታሰረው እርሳስ ከፍታውን በካርቶን ላይ ያሰምራል። 4 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጠመንጃ 20 ሳንቲ ሜትር ከተነሣ፣ የርግጫው ፍጥነት በሰከንድ 2 ሜትር ገደማ፣ ጉልበቱም 8 ጁል ያህል ነው። በአፈሙዙ ላይ የሚገጠመው የርግጫ መቀነሻ ምን ያህል እንደሚሠራ በዚህ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ትከሻ ግን በድምፁም ስለሚደናገጥ ለፍርድ አይበቃም። መቀነሻው ራሱ ክብደት ስለሚጨምር፣ ሳይገጠም በሚለካበት ጊዜ እኩል የሚመዝን ብረት ማሰር ግድ ነው። ብየዳው ጠንካራ ነው፤ የሽቦዎቹ ማሰሪያ ቀለበቶች ግን ሰፍተው ጠመንጃውን ወደ ጎን ስለሚያንሸራትቱት፣ ጠበብ ተደርገው ቢሠሩ ይሻላል።