በ10 ደቂቃ ውጤት ይሰጣል የተባለው የባክቴሪያ ስትሪፕ፣ ደብረ ብርሃን ላይ

ደብረ ብርሃን ላይ አነስተኛ የወተት ማቀነባበሪያ አለኝ፤ እርጎና አይብ እንሸጣለን። ኢ. ኮላይ ኦ157 የሚባለውን አደገኛ ባክቴሪያ የሚለየውን ስትሪፕ፣ ማለትም ናሙና ሲነካው መስመር የሚያወጣውን ቀጭን መመርመሪያ፣ መጠቀም ከጀመርኩ ወራት አለፉ። እንግዛ ወይስ ይቅር እያላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ ይኸው።

ካርቶኑ ላይ "በ10 ደቂቃ" የሚለው ውሸት አይደለም፣ ግን ግማሽ ወሬ ነው። ስትሪፑ ላይ ባክቴሪያውን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ አለ፣ አንቲቦዲው ላይ ደግሞ ደቃቅ የወርቅ ቅንጣት ተለጥፏል፣ ቀይዋ መስመር የምትታየው እነዚያ ቅንጣቶች አንድ ቦታ ሲከማቹ ነው። ለዚህ ባክቴሪያው በሚሊ ሊትር 100,000 እና ከዚያ በላይ መድረስ አለበት። ሰው ለማሳመም ግን ከ100 ያነሰም ሊበቃ ይችላል! ስለዚህ ናሙናውን ማራቢያ ፈሳሽ ውስጥ ጨምሮ ኢንኩቤተር (ባክቴሪያ እንዲራባ ሙቀት የሚጠብቅ ሳጥን) ውስጥ ማሳደር ግድ ነው፤ 10 ደቂቃው የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ ነው።

ጠዋት ገበሬው ጀሪካኑን ይዞ በር ላይ ሲቆም ታዲያ ስትሪፑ ምንም አይረዳችሁም። ያኔ ያው ላክቶሜትርና አልኮል ቴስት ነው፤ እነሱም ስለ ውሃና ስለ መኮምጠጥ እንጂ ስለዚህ ባክቴሪያ አይናገሩም። እኔ የምጠቀምበት ለአይብ ነው። አሬራው ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ሙቀቱ ባክቴሪያውን ላይጨርሰው ይችላል። አይቡ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል፣ ውጤቱ ሲታይ ይወጣል። ለዚህ ጎበዝ ነው፣ አልከዳውም።

የኛ አገር ችግር ሌላ ነው። መብራት ሌሊት ከጠፋ ኢንኩቤተሩ ይቀዘቅዛል፣ ባክቴሪያው በደንብ አይራባም፣ "ነጻ" የሚለውን ውጤት ማመን አይቻልም። ባትሪ ያስፈልጋል፣ በዋጋ ከስትሪፑ የሚበልጠውም እሱ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ አለ፤ ስትሪፑ በረዶ እንዲመታው አይፈለግም፣ ከፍሪጅ ከወጣም ከረጢቱን ከመቅደድ በፊት የክፍሉን ሙቀት ይላመድ። ማራቢያ ፈሳሹን በድስት አፍልቼ አመከንኩ (ጀርሙን ሁሉ ገደልኩ) ማለትም አይሆንም፤ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ውሃ 91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ የሚፈለገው 121 ነው። ኦቶክሌቭ ግዙ፣ በእንፋሎት ግፊት የሚያመክነውን ዕቃ።

ፖዘቲቭ ከወጣ የመጨረሻ ቃል አይደለም። አንቲቦዲው አንዳንዴ ዘመድ ባክቴሪያ ይይዛል፣ ላብራቶሪ ልካችሁ በካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ በመለየት) ይረጋገጥ። እስኪረጋገጥ ግን አይቡ አይሸጥም። ያደረውን ፈሳሽ ደግሞ እንዲሁ እንዳትደፉት፣ በባክቴሪያ የተሞላ ነው፤ መጀመሪያ ኦቶክሌቭ ይግባ።

ሻጩ ባለፈው ያመጣልኝ ካርቶን የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልቅ ጥቂት የቀረው ነበር፣ ዋጋው ግን ሙሉ። ቀኑን ሳታዩ ብር አትቁጠሩለት።