12ኛ ጨርሼ የገባሁበት የፌሻል (የፊት ቆዳ እንክብካቤ) ስልጠና፣ ገንዘቡ ይገባዋል ወይ ለምትሉ

ሰላም እህቶቼ (ወንድሞችም፣ በኛ ባች 2 ወንዶች ነበሩ)፣ ይሄን የምጽፈው 12ኛ ጨርሳችሁ ቤት ቁጭ ብላችሁ "ፌሻል ልማር ወይስ ምን ላድርግ" ለምትሉት ነው፣ እኔም እንደዛ ሆኜ ስንት ወር ስጠያይቅ ውስጡን ገልጦ የነገረኝ ሰው አላገኘሁም። መገናኛ አካባቢ ፎቅ ላይ ያለ የግል ማሰልጠኛ ነው፣ ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጠራም፣ ግን እኔ ያየሁትን ይዛችሁ ሌላውንም ማሰልጠኛ መመዘን ትችላላችሁ።

የተፈተንኩት 2015 ነው። ያን ዓመት 845 ሺህ ተማሪ ተፈትኖ 50 ፐርሰንትና ከዛ በላይ ያመጣው 27 ሺህ ብቻ ነበር፣ 3.2 ፐርሰንት ማለት ነው። ሪሚዲያልም አልደረሰኝም። እማዬ በግል ኮሌጅ አካውንቲንግ ግቢ አለችኝ፣ አባዬ ደግሞ ፌሻል ስለው "12 ዓመት ተምረሽ የሰው ፊት ልታሺ?" ብሎ ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። እኔ ግን ከ14 ዓመቴ ጀምሮ ብጉር ፊቴን ሲጫወትበት ያልተቀባሁት የለም፣ ሎሚ በሉ የጥርስ ሳሙና በሉ ሰው ያለኝን ሁሉ፣ እና ይሄ ቆዳ ሚባል ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ከልቤ እፈልግ ነበር።

ስልጠናው 3 ወር፣ በሳምንት 4 ቀን፣ በቀን 3 ሰዓት ነው። 22 ሺህ ብር ከፈልኩ። ከገባን በኋላ ደግሞ ለኪት (ለመለማመጃ እቃ) 6 ሺህ ጨምሩ ተባልን፣ ስንመዘገብ ማንም አልነገረንም፣ አንዷ ልጅ በዚህ ምክንያት አቋረጠች፣ እስካሁን ያናድደኛል።

አሁን ወደ ጥሩው ልምጣ፣ እሱም አስተማሪያችን ናት። መጀመሪያ 3 ሳምንት የማንንም ፊት አላስነካችንም። ሁላችንም ማሽን ማሽን እያልን ነበር፣ እሷ ግን ኤፒደርሚስ (የላይኛው ቆዳ)፣ ደርሚስ (ከሱ ስር ያለው)፣ ሜላኒን (ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው)፣ ዝም ብላ እሱን። የላይኛው ቆዳ ራሱን የሚቀይረው በ28 ቀን አካባቢ ነው፣ ስለዚህ "በ3 ቀን ፊትሽን አጠራዋለሁ" የሚል ሰው ወይ አያውቅም ወይ እየዋሸ ነው አለችን። ፊትዝፓትሪክ የሚባለውን የቆዳ አይነት አከፋፈል ስታስተምር ደግሞ መጀመሪያ የተሰራው ለነጭ ቆዳ እንደነበረ፣ የኛ አይነቱ በኋላ እንደተጨመረበት ነግራን "እንግዲህ መጽሐፉን ዝጉና የራሳችሁን እጅ እዩ" አለች። የኛ ቆዳ ሲቆጣ ሜላኒን ያመርታል፣ ብጉሩ ሄዶ ጥቁሩ ነጥብ ወራት የሚቀመጠው ለዛ ነው፣ ከውጭ ቪዲዮ ታይቶ ጠንካራ ፒሊንግ (የላዩን ቆዳ መላጥ) ሲደረግ ከበፊቱ ብሶ የሚጠቁረውም ለዛ ነው። የኔ ፊት ታሪክ ያኔ ነው የገባኝ፣ ሎሚው ነበር ያጠቆረኝ።

ሰንስክሪን (ከፀሐይ የሚከላከል ቅባት) ላይ ሙሉ አንድ ቀን ነው የፈጀነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው፣ ከፍ በተባለ ቁጥር ዩቪው (ቆዳ የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር) ይጨምራል፣ ብርዱ እንዳያታልላችሁ አለችን። አባዬ ሹፌር ነው፣ የዛን ቀን ማታ ቤት ገብቼ ፊቱን ሳየው በመስኮት በኩል የሚሆነው የግራ ጉንጩ ከቀኙ ይጠቁራል፣ ዕድሜ ልኬን አብሬው ኖሬ አይቼው አላውቅም ነበር። ቁጭ አድርጌ አስረዳሁት፣ የጨረሩ አንዱ አይነት በመስታወት እንደሚያልፍ ምናምን፣ ዝም ብሎ ሰማኝ፣ አሁን የገዛሁለትን ሳይቀባ አይወጣም።

አንድ ቀን ደግሞ ለልምምድ ሞዴል የሆነች ሴትዮ መጣች፣ ማዲያት አለብኝ አጥፉልኝ ብላ። አስተማሪያችን እጇን ሳታሳርፍባት መጀመሪያ "እህቴ ምን ትቀቢያለሽ?" አለቻት፣ ሴትዮዋ ከቦርሳዋ ቱቦ አወጣች፣ ክሎቤታሶል የሚባል ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት፣ ከኮስሞቲክስ ሱቅ ገዝታው ሌላ ቅባት ውስጥ ቀላቅላ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀብታዋለች። ቆዳዋ ሳስቶ የደም ስሩ ይታያል፣ ትንሽ ሲሞቃት ቀይ ይሆናል። አስተማሪያችን ስቲም የለም፣ ስክራብ የለም፣ ፒሊንግ ጭራሽ አለች። ይሄ የሀኪም መድኃኒት እንደሆነ፣ በአንዴ ብታቆመው ፊቷ ሊነድ እንደሚችል፣ ሀኪም እያየው መቆም እንዳለበት በእርጋታ አስረዳቻትና ወረቀት ላይ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ብላ ጽፋ ሰጠቻት። ሴትዮዋ አለቀሰች። እኔ ይሄን ሙያ የወደድኩት የዛን ቀን ነው ብል አላጋነንኩም፣ ምክንያቱም መስራት ብቻ ሳይሆን አልሰራም ማለትም እውቀት እንደሚፈልግ አየሁ።

ንጽህና ላይም ጠንካራ ነች። አልኮል 70 ፐርሰንቱ ከ96 ፐርሰንቱ በተሻለ ጀርም እንደሚገድል፣ ምክንያቱም ውሃው እንዲሰርግ እንደሚያግዘው፣ በየሳሎኑ ያለው ሰማያዊ መብራት ያለው ሳጥን ደግሞ የታጠበ እቃ ማስቀመጫ እንጂ ማምከኛ እንዳልሆነ ያወቅኩት ከሷ ነው። አፓረንት (የስራ ልምምድ) የወጣሁበት ሳሎን (እሱንም አልጠራም) አንዱ የዋክስ እንጨት ገላ ነክቶ ተመልሶ እቃው ውስጥ ሲገባ አይቼ ደንግጫለሁ። ዋክስ ካልኩ፣ ከዱባይ ተመልሳ አብራን የተማረች ልጅ ነበረች፣ እዛ ሃላዋ የሚሉትን የስኳርና የሎሚ ዋክስ ከኛ ሁሉ በላይ ትችለው ነበር፣ አስተማሪያችን አንድ ቀን ሙሉ እሷ እንድታስተምረን አደረገች። ወይባ ጢስ ቢካተት ደስ ይለኝ ነበር፣ ሙሽራ ሁሉ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ቅሬታዬ። 18 ልጆች 4 አልጋ ላይ። ስቲመር (ፊት ላይ እንፋሎት የሚለቅ ማሽን) 3 አለ ተብሎ የሚሰራው 1 ነው፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እሱም የለም፣ ቀኑ ያው ባከነ፣ ማካካሻ የለም። ሞዴል ራሳችሁ አምጡ ስለሚሉ እማዬን፣ ጎረቤቱን፣ የእድር ሴቶችን ሳይቀር ለምኜ ነው የተለማመድኩት፣ ሰው የሌላት ልጅ ቆማ ነው የምታየው። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) በየትኛው ሌቭል እንደምንፈተን ስንጠይቅ መልሱ በየሳምንቱ ይቀያየራል፣ በመጨረሻ ራሳችን ሄደን ነው የተመዘገብነው።

ከሁሉ የከፋኝ ግን "ሰርተፍኬቱ ውጭ አገር ይሰራል" የሚሉት ነው። የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ናት፣ እዛ ለኤስቴቲሺያን (የቆዳ እንክብካቤ ባለሙያ) ላይሰንስ 600 ሰዓት ተምረሽ ከዛ ፈተና ማለፍ አለብሽ አለችኝ፣ ማስተር የሚሉትን ከፈለግሽ ደግሞ ሌላ 600። የኛን ቁጭ ብዬ ደመርኩት፣ በ3 ወር 144 ሰዓት ነው። በኛ ባች ብቻ ይሄን አምነው፣ ዲቪ ሞልተው፣ ወርቅ ሸጠው የከፈሉ ልጆች አሉ፣ በናታችሁ እንዲህ ማለታቸውን ያቁሙ።

አሁን ሲኤምሲ አካባቢ አንድ ሳሎን በፐርሰንት እየሰራሁ ነው። ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ በሰርግ ምክንያት ቀና የምንልበት ጊዜ የለም፣ ሁዳዴ ሲገባ ግን ጭር ይላል፣ እና በየወሩ እኩል ደሞዝ የምትጠብቁ ከሆነ ይሄን ከወዲሁ እወቁት። ወገብ ያማል፣ እሱንም እወቁት።

ከ5 እሰጠዋለሁ 3፣ ሦስቱም የአስተማሪዋ ናቸው። ሌላ ቦታም ብትሄዱ ከመክፈላችሁ በፊት ክፍል ገብታችሁ አልጋ ቁጠሩ፣ ማሽኑን አስነስታችሁ እዩ፣ ኪቱ ከዋጋው ውስጥ እንዳለ በጽሁፍ አስደርጉ፣ መጀመሪያ ሳምንት ምን እንደምትማሩ ጠይቁ፣ በቀጥታ ማሽን ካሏችሁ ተመለሱ። ቦታው የቱ እንደሆነ የገባችሁ ካላችሁ የከሰዓቱን ባች ያዙ፣ እሷ የምታስተምረው እሱን ነው።