ኤፍጄአር 1300 ወይስ ቨርሲስ 650? አዲስ አበባ–ደሴ ለሚመላለስ ሰው

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን መንገድ በሁለቱም ሞተሮች ሄጄበታለሁ። ቨርሲሱ የራሴ ነው። ኤፍጄአሩ የአክስቴ ልጅ ንብረት ነው፤ እሱ ሲደክመው እኔ እረከበዋለሁ። ስለዚህ ለቨርሲስ ታደላለህ ብትሉኝ አልከራከርም።

ያማሃ ኤፍጄአር 1300 ባለ አራት ሲሊንደር፣ 1298 ሲሲ ሞተር ነው። ጉልበቱ 145 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው። ቤንዚን ሲሞላ 290 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ካዋሳኪ ቨርሲስ 650 ደግሞ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ 649 ሲሲ ነው። ጉልበቱ ከ70 በታች፣ ክብደቱ 216 ኪሎ አካባቢ። ወረቀት ላይ ሲታዩ አባትና ልጅ ይመስላሉ።

ዳገት ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል፣ የሞተሩም ጉልበት አብሮ ይቀንሳል። ኤፍጄአሩ ወደ 110፣ ቨርሲሱ ወደ 50 ይወርዳሉ ማለት ነው። ብቻዬን ስሆን 50 ይበቃኛል። ባለቤቴን አፈናጥጬ ከኮምቦልቻ በሐረጎ ስወጣ ግን ያቃስታል። ሲኖትራክ ለመቅደም ሁለት ማርሽ መቀነስ አለብኝ፣ ያውም ቀደም ብዬ አስቤበት። ኤፍጄአሩ ማርሽ ሳይነካ፣ ነዳጅ ሲሰጡት ብቻ፣ እልፍ ይላል። የፊት መስታወቱም በቁልፍ ከፍና ዝቅ ይላል። ጣርማበር ላይ ያ ብርድ ሲመጣ ዋጋው ይገባችኋል። ባለቤቴ የትኛውን እንደምትመርጥ መጠየቅ አያስፈልግም።

በቤንዚን በኩል ያልጠበቅኩት ነገር አለ። የኤፍጄአሩ ሰርባቶዮ 25 ሊትር፣ የቨርሲሱ 21 ሊትር ይይዛል። ትልቁ በ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር ገደማ ይጠጣል፣ ትንሹ 5 እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ሁለቱም አንዴ ሞልተው ደሴ ይገባሉ፣ ትንሹ እንዲያውም የሚተርፈው አለ። ማደያ ሁሉ ሰልፍ በሆነበት ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሸዋ ሮቢትና ከሚሴ ላይ የኤፍጄአሩ ሙቀት የነጂውን እግር ይጠብሳል። እየሄደ ሲሆን ይቻላል። ከተማ ውስጥ ባጃጅና ፍየል መሐል ሲቆም ግን ሱሪ አስወልቆ ያስሮጣል።

የኔ ትልቁ ጥያቄ የኤፍጄአሩ ክብደት ነው። አንድ ቀን ሐይቅ ዓሣ ልንበላ ቆምን። ቦታው ኮረኮንች ነው፣ ትንሽ ያዘነብላል። እግሬ ተንሸራተተ። ሞተሩ ቀስ ብሎ፣ እንደሚተኛ በሬ፣ ጎኑን ሰጠ። ብቻዬን ሞከርኩ፣ ንቅንቅ የለም። ሦስት ጎረምሶች መጥተው አነሱልኝ። አንዱ «አብሽር ወንድሜ፣ ብረት ነው» አለኝ። የአክስቴ ልጅ ግን አብሽር አላለኝም። ቨርሲሱን ሁለት ጊዜ ጥዬዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ራሴ አንስቼ ሄጃለሁ። ሆዱም ከመሬት 17 ሳንቲሜትር ይርቃል። መንገድ እየተቆፈረ ተለዋጭ መንገድ ሲያስገቧችሁ ይህ ያድናል። ኤፍጄአሩ ለአስፋልት የተሠራ ነው፣ ድንጋይ ሲያይ ይጨነቃል።

ካቴና ወይስ ሻፍት? ኤፍጄአሩ እንደ መኪና የኋላ ጎማውን የሚያዞረው በሻፍት፣ ማለትም በሚሽከረከር የብረት ዘንግ ነው። ዘይቱን በጊዜው መቀየር ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም። የቨርሲሱን ካቴና በየ600 ኪሎ ሜትሩ መጥረግና መቀባት አለባችሁ። በአቧራ ከሄዳችሁ ደግሞ ከዚያም ፈጠን ብሎ። ደሴ ደርሼ ቡና ሳልጠጣ የማደርገው እሱን ነው፤ ይሰለቻል። ግን ካቴና ቢበጠስ የሚቀጥል መካኒክ ወልዲያም ኮምቦልቻም አይጠፋም። ሻፍቱ ከተበላሸ ሞተሩ በኤፍኤስአር ተጭኖ አዲስ አበባ ነው። ዕቃው ደግሞ ከውጭ።

ወሎ ውስጥ ብቻ ለሚንቀሳቀስ ሰው፣ ለምሳሌ ደሴ–ባቲ ገበያ፣ ሁለቱንም ተዉት። ቦክሰር የሚባለውን ትንሹን ሞተር ግዙ። መለዋወጫው የትም አለ። 400 ኪሎ ሜትር ላይ ግን ወገባችሁ ይነግራችኋል።

ብቻውን ለሚነዳ፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ለሚል ሰው ቨርሲስን እላለሁ። ሁልጊዜ ሁለት ሆናችሁ ከነሻንጣችሁ የምትጓዙ ከሆነ፣ ከአስፋልትም የማትወጡ ከሆነ፣ ኤፍጄአሩን አልነቅፍም። ቁመታችሁ አጠር ካለ ደግሞ መቀመጫው ከቨርሲሱ ዝቅ ይላል፤ 805 ሚሊ ሜትር ነው፣ የቨርሲሱ 840። ነዳጅ የሚጠቀም ተሽከርካሪ የማስገባት ደንብ ስለሚቀያየር ብር ከመላካችሁ በፊት ጉምሩክን ጠይቁ። እዚሁ አገር ያለ ከሆነ ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ከሞተሩ ጋር አስተያዩ።

ያገለገለ ስትገዙ ጎማውን በደንብ እዩ። የሁለቱም ጎማ 17 ቁጥር ነው። ቦክሰርም 17 ነው፣ «ይሆናል» የሚላችሁ ሻጭ አይጠፋም። አይሆንም፤ ስፋቱ ይለያል። ኤፍጄአሩ ከኋላ 180/55፣ ቨርሲሱ 160/60 ነው የሚፈልገው። የጎማው ጎን ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ፤ ሁለቱ ሳምንት፣ ሁለቱ ዓመት ናቸው። 2319 ካለ በ2019 እንደ ፈረንጅ በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አርጅቷል። የአንድ ጥንድ ጎማ ዋጋ ቀንሱልኝ በሉ፣ ካልቀነሱ ዞር በሉ።