ሲመሽ የሚጠፋው ፒኦኢ ስዊች፦ የ14 ወር ልምዴ

ይህን መብራት የሚሰጡ 8 ፖርቶች (የኬብል መሰኪያዎች) ያሉት ፒኦኢ ስዊች የገዛሁት መስከረም 2017 ላይ ነው። ስዊች ዕቃዎችን በኬብል የሚያገናኝ ሳጥን ነው፤ ፒኦኢ ሲሆን በዚያው የኔትወርክ ኬብል መብራትም ይልካል። ለገጣፎን አልፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የዶሮ እርባታችን 6 ካሜራና አንድ ዋይፋይ ማሰራጫ አለው፤ ሁሉም መብራት የሚያገኙት ከሱ ነው። ምርጫው ትክክል እንደነበር ዛሬም አምናለሁ። ኔትወርኩም መብራቱም በአንድ ኬብል ስለሚሄድ በየአጥሩ ሶኬት መዘርጋት አላስፈለገኝም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ (እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ይጠፋል) ስዊቹን በአንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያሠራ ዕቃ) መያዝ ስድስቱንም ካሜራ መያዝ ነው። ለ10 ወር ያህል መኖሩን እንኳ ረስቼው ነበር።

ሐምሌ ላይ የጥበቃችን ጋሼ ማታ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ቲቪው በሙሉ ጨለመ። ይመጣል፣ ደግሞ ይጨልማል» አሉኝ። ጠዋት ስደርስ ሁሉም ይሠራል። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ቀን ሰላም ነው፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ሲያልፍ ይጀምረዋል።

የሸጠልኝ ሰው «ካሜራው ነው» አለ፤ ካሜራ የሚገጥመው ልጅ «ኬብሉ ነው» አለ። የኬብሎቹን ጫፍ መሰኪያ (ጃክ) አስቀየርኩ፣ አንድ ካሜራ አዲስ ገዛሁ፤ ለውጥ የለም። ያ ገንዘብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም ፍንጩ ዓይኔ ሥር ነበር። ኬብል ቢበላሽ አንድ ካሜራ ነው የሚጠፋው። ስድስቱም እኩል ከጠፉ ችግሩ ሁሉም የሚጋሩት ቦታ ላይ ነው፤ የሚጋሩት ደግሞ የስዊቹን ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም የሶኬቱን መብራት ለውጦ የሚያድለውን ክፍል ነው።

ታዲያ ለምን ሲመሽ ብቻ? ካሜራው ሲጨልምበት በጨለማ ለማየት ኢንፍራሬድ (ለዓይን የማይታይ) መብራቱን ያበራል። የኔዎቹ ቀን 4 ዋት፣ ማታ 9 ዋት ግድም ይወስዳሉ። የዋይፋዩን 12 ዋት ስንጨምርበት ቀን 36፣ ማታ 66 ይመጣል። ስዊቹ ላይ የተጻፈው ጠቅላላ አቅም 96 ዋት ነው። ስለዚህ እኔ አላበዛሁበትም፤ እሱ ነው የተጻፈበትን መሸከም ያቃተው።

ይህን ለማረጋገጥ ምሽት መጠበቅ ስለሰለቸኝ እኩለ ቀን ላይ ሞከርኩት። ጋሼ መሰላሉን ያዙልኝ፤ ካሜራዎቹን አንድ በአንድ ጥቁር ፌስታል አለበስኳቸው። ፌስታሉ ሲገባ ካሜራው ውስጥ «ቀጭ» ይላል፤ ወደ ማታ ሥራው መዞሩ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ሁሉም ደህና። አምስተኛው «ቀጭ» ሲል ስድስቱም ካሜራ ከነዋይፋዩ ጠፋ። በዚያው ስዊች ላይ የተሰኩት ላፕቶፔና የካሜራዎቹ ምስል መቅረጫ ግን ያለ ችግር ይገናኙ ነበር፤ ፒንጉ (ግንኙነት መኖሩን የሚፈትሸው መልእክት) አንዴም አልተቋረጠም። የኔትወርኩ ክፍል ጤነኛ ነው፤ የደከመው መብራት የሚሰጠው ክፍል ነው።

የዋስትና ጊዜው ስላለፈ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ጋ ወስጄ አስከፈትኩት። እዚህ ላይ እባካችሁ ተጠንቀቁ፤ በ220 ቮልት በሚሠራ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ልምድ የሌለው ሰው ባይከፍተው ይሻላል። ጠጋኙ መጀመሪያ ምንም ሳይሰካ በቴስተር ሲለካው 53 ቮልት አሳየ። እዚያ ላይ ብናቆም ኖሮ «ደህና ነው» ብለን እንዘጋው ነበር። ጭነት ሲሰጠው ግን 41 ላይ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የመጀመሪያው የፒኦኢ ስታንዳርድ እንኳ ከፖርቱ ቢያንስ 44 ቮልት እንዲወጣ ይጠይቃል።

መውጫው ላይ ያሉት ሁለት ካፓሲተሮች አናታቸው አብጦ ነበር፤ የአንደኛው ሥር በደረቀ ቡናማ ፈሳሽ ተለውሷል። እንዲችሉ የተሠሩት ሙቀት እስከ 85 ዲግሪ ነው። ጥፋቱ የፋብሪካው ብቻ አይደለም፤ እኔም ስዊቹን መኖ መጋዘን ውስጥ፣ ቆርቆሮው ሥር ነው የሰቀልኩት። የአየር ቀዳዳዎቹን የመኖ ብናኝ ደፍኗቸዋል። ይህ አካባቢ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ሳሳ ያለ አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ያንሳል። በ105 ዲግሪ፣ 63 ቮልት ካፓሲተሮች ተቀየሩ፤ የማጠራቀም አቅማቸው እንደነበረው ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ማታ አልጠፋም።

ነሐሴ ላይ ሌላ ብልሽት መጣ፤ ከትልቅ መብረቅ በኋላ 3ኛው ፖርት ላይ ያለው ካሜራ ብቻ ሞተ። ካሜራውን ወደ 8ኛው ሳዞረው ሠራ። 3ኛው ላይ ላፕቶፕ ስሰካ ኔትወርኩ አለ፣ መብራት ግን አይሰጥም። ይህ ከመጀመሪያው ፍጹም የተለየ በሽታ ነው፤ የዚያ ፖርት መብራት መቆጣጠሪያ ብቻ ነው የተቃጠለው። ወደ አጥሩ የሚሄደው ኬብል መብረቅ መከላከያ አልነበረውም፤ አሁን ከጥሩ ግራውንድ (ወደ መሬት ከሚያወርድ ሽቦ) ጋር አስገብቼለታለሁ።

እንደገና ብገዛ ፒኦኢን አልተውም። ግን ፓወር ሰፕላዩ ከውጭ በአዳፕተር የሚሰካውን እመርጣለሁ፤ ሲደክም አዳፕተሩን ብቻ መቀየር ይቻላል። በየፖርቱ የሚሄደውን ዋት የሚያሳይ ቢሆን ደግሞ ያን ሁሉ ፌስታል ማልበስ ባላስፈለገኝ። የማታው ጭነት ከተጻፈው አቅም ግማሽ እንዲያልፍም አልፈቅድም።

ስዊቹ አሁን ከመጋዘኑ ወጥቶ ጋሼ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። 3ኛውን ፖርት አልጣልኩትም፤ መቅረጫው የራሱ መብራት ስላለው እሱን እዚያ ላይ ሰክቼዋለሁ።